ከድልድዩ በታች ያለው ደለል

የጽዱ ቀኝ እግር እስከ ጉልበቷ ጭቃው ውስጥ ጠፋ። ልታወጣው ስትታገል ጭቃው ጭራሽ ቦቷን ይዞ መምጠጥ ጀመረ። ከስር አንድ ትልቅ አረፋ ተነስቶ ቡጭ ብሎ ፈነዳ፤ የበሰበሰ እንቁላል፣ የተቃጠለ ጎማና ስም የሌለው ሌላ ግማት አንድ ላይ ሆኖ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። ውሃው ከላይ ሲያዩት ጥርት ያለ ነበር። እግሯ የቆሰቆሰው ጥቁር ነገር ግን እንደ ቀለጠ ሬንጅ እያብረቀረቀ፣ የላስቲክ ቁራጭና የሰው ፀጉር የሚመስል ነገር አስከትሎ ወደ ላይ ተግተለተለ።

«ያዢኝ እንጂ፤ ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አለች፣ አፏን ብዙ ሳትከፍት ለመናገር እየሞከረች።

ጓደኛዋ መላ ድንጋይ ላይ ቆማ በአንድ እጇ አፍንጫዋን እንደያዘች በሌላው የእንጨት ዘንግ ዘረጋችላት። ጽዱ ዘንጉን ይዛ ተጎተተች። እግሯ ወጣ፤ ቦቱ ግን እዚያው ቀረ። ካልሲዋ ጠቁሮ ከእግሯ ጋር ተጣብቋል፤ በጣቶቿ መካከል የሚሙለጨለጭ ነገር ይሰማታል። ዳር እስክትደርስ ጥርሷን ነክሳ ታገሠች። ዳር ስትደርስ ጎንበስ አለችና ቁርሷን በሙሉ መለሰችው።

ስሟ ሌላ ነው። ጽዱ ያሏት ቤት ውስጥ ነው፤ እሱም ለሙገሳ ሳይሆን ለፌዝ። የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ካላለቀለቀች አትጠጣም። አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫውን በሶፍት ሳትጠርግ አትቀመጥም። ምግብ ቀርቦ አንድ ሰው ካስነጠሰ እሷ «ጠገብኩ» ብላ ትነሳለች። እናቷ ከእሷ ጋር ከመኖር ሆስፒታል መተኛት ይሻላል እያለች ትስቅባታለች። እንዲህ ያለች ልጅ የከተማውን ጥንብ ሁሉ የተሸከመ ወንዝ ውስጥ ምን ልትሠራ ገባች ለሚል ሰው፣ ጥፋቱ የዕጣ ነው። የሳይንስ መምህሩ ክፍሉን በቡድን ሲከፍሉ አንዱ ቡድን ካርታ እንዲሠራ፣ አንዱ የሰፈሩን ሽማግሌዎች እንዲጠይቅ፣ አንዱ ውሃውን እንዲቀዳ፣ አንዱ ደግሞ ደለሉን እንዲያወጣ ዕጣ አስወጡ። ደለሉ ለጽዱና ለመላ ደረሰ። የቀረው ክፍል እፎይ ብሎ ሳቀባቸው።

መምህሩ ነገሩን አስረድተዋቸው ነበር። ወንዙ ወደዚህ ከመድረሱ በፊት በቆዳ ፋብሪካ፣ በአሮጌ ባትሪ ጠጋኞችና ብረት በሚቀቡ ጋራዦች አጠገብ ያልፋል። ድሮ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ ሆኖ ይወርድ ነበር። አሁን ፋብሪካው ፍሳሹን ያጣራል ስለተባለና ውሃው ስለጠራ ሰዉ ሁሉ ወንዙ ዳነ ብሎ ደስ ብሎታል። መምህሩ ግን አላመኑም። እርሳስ፣ ክሮሚየም፣ ካድሚየም የሚባሉት ከባድ ብረቶች ከውሃው ጋር አብረው እንደማይሄዱ፣ ከደቃቁ አፈር ጋር ተጣብቀው ወደ ታች እንደሚሰጥሙና እዚያው እንደሚቀመጡ ነገሯቸው። አይበሰብሱም፣ አይተኑም፣ አያረጁም። ስለዚህ የፕላስቲኩን ቱቦ ደለሉ ውስጥ ክንድ ያህል ሰክቶ፣ አፉን በመዳፍ ደፍኖ ማውጣትና ብልቃጥ ውስጥ መገልበጥ ነው። የብረት ማንኪያ አይነካውም፤ የማንኪያው ብረት ምርመራውን ያበላሸዋል። ድንጋዩ ላይ ቆማችሁ ሥሩ፣ ጭቃው ውስጥ እንዳትገቡ ብለውም ነበር። ድንጋዩ ግን እስከሚፈለገው ቦታ አላደረሰም።

ነገሩ ለክፍል ሥራ ብቻ አልነበረም። ከድልድዩ ትንሽ ወረድ ብሎ በወንዙ ዳር አትክልት የሚያለሙ ሰዎች አሉ፤ የጽዱ አክስት አንዷ ናት። ክረምት ሳይገባ ወንዙ ሞልቶ ቤት እንዳያጥለቀልቅ የከተማው ኤክስካቫተር ደለሉን ሊጠርግ ነው። የአትክልተኞቹ ሊቀመንበር ያ ጥቁር ጭቃ ርቆ ከሚጣል እኛ ጋ ይገልበጥልን ብለው አመለከቱ። ዕድሜ ልካቸውን አፈር ሲያገላብጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ጥቁርና ለስላሳ አፈር ሲያዩ ለም ነው ይላሉ፣ ሌላ አይታያቸውም። መምህሩ ሄደው ውጤቱ እስኪመጣ ብቻ ታገሡኝ ብለው ለመኗቸው። ሊቀመንበሩም በጄ አሉ።

ጽዱ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ያን ጊዜ ግን የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደዚያ ጭቃ ተመልሳ አትገባም።

«ተራው ያንቺ ነው» አለች መላን፣ አፏን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«ብትገድዪኝ አልገባም። እይው እስኪ፣ ያበጠ አይጥ ተንሳፍፎልሻል» አለች መላ።

መላ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት የክፍል ልጆች ናቸው፤ መላ የማታጣለት ነገር የለም። የቤት ሥራ ሳትሠራ መምህር ታሳምናለች፤ አርፍዳ መጥታ ዘበኛውን አስቃ ትገባለች። አሁንም ቱቦውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ላይ አየች። ከጫካው ኮረብታ የምትወርድ ትንሽ ጅረት አለች፣ ከድልድዩ በላይ ወንዙን የምትቀላቀል። ልጆች ይዋኙባታል። «ጭቃ ጭቃ ነው። እዚያ እንሙላውና እንሂድ» አለች።

ከጅረቷ ያወጡት ጭቃ ቡናማ ነበር፤ ሣር ሣር ይሸታል። ጽዱ እንኳን ሳትጸየፈው እጇን ነከረችበት። ብልቃጦቹን ከሞሉ በኋላ ነው ቀለሙ እንደሚያጋልጣቸው የገባቸው። ለዚህም መላ መላ አላጣችም። ቤቷ ወስዳት ጓሮ ተቀመጡና ከሰል በድንጋይ አድቅቀው፣ ጭቃው ውስጥ ጨምረው፣ ጥቁር እስኪሆን ድረስ አማሰሉት። ክዳኑን ጠበቅ አድርገው በፕላስተር አሸጉና ላዩ ላይ «ከድልድዩ በታች» ብለው ጻፉ። ጽሑፉን የጻፈችው ጽዱ ናት፤ የእሷ የእጅ ጽሑፍ ያምራል።

መሃል ላይ የአክስቷ ፊት ብልጭ ብሎባት ነበር። ለክፍል ሥራ ነው፣ መምህሩ ደግሞ ሌላም ቦታ ሳያስመረምሩ አይቀሩም ብላ ራሷን አጽናናች። መምህሩ ሌላ ቦታ የማስመርመር ሐሳብም አቅምም እንዳልነበራቸው አሳምራ ታውቃለች።

በማግስቱ መምህሩ ብልቃጦቹን ሲቀበሉ ስለጠፋው ቦት ጠየቁ። ጽዱ ጭቃው ውጦት ቀረ አለቻቸው። በዚያ ቀን ከተናገረችው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነበር። መምህሩ ከልባቸው ሳቁ። እግር እስከ ጉልበት ሳይነከር ምርምር የለም ብለው ለክፍሉ ምሳሌ አደረጓት፤ ጭቃው ውስጥ መግባቷንም ለጊዜው ይቅር አሏት። ታሽጎ የመጣ ብልቃጥ ቤተ ሙከራ ሳይደርስ ስለማይከፈት ሽታውን ማንም አላሸተተም። ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ የድሮ የትምህርት ጓደኛቸው ሊመረምርላቸው ቃል ገብቶ ነበርና ያንኑ ቀን ላኩለት።

ውጤቱ የመጣው ሰው ሁሉ ነገሩን ሊረሳው ሲል ነው። መምህሩ ወደ ክፍል ገብተው ሰሌዳው ፊት ቆሙ፣ ጭንቅላታቸውን እያሻሹ።

«ተሳስቻለሁ» አሉ። «እርሳሱም፣ ክሮሚየሙም፣ ካድሚየሙም ከተራ አፈር አይበልጥም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ መሳሳት እንደዚህ አስደስቶኝ አያውቅም።»

ክፍሉ አጨበጨበ። ሁለቱን ልጆች ወደ ፊት አስወጧቸው። መላ ዓይኗን በጨው አጥባ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እጅ ነሳች፤ ልጆቹ ሳቁ። ጽዱ ግን አፏ በምራቅ ሞላ፤ ያን ቀን ወንዙ ዳር ሊያስመልሳት ሲል እንደሆነው ማለት ነው። ሽታ የለም፣ ክፍሉ ንጹህ ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው። ያቅለሸለሻት ጭብጨባው ነበር። የመምህሩ ደስ ያለው ፊት ነበር። ከሁሉም በላይ ያስጠላት ደግሞ ፈገግ ያለው የራሷ ፊት ነበር፤ ሳታስበው ፈገግ ብላለች።

ከክፍል ሲወጡ መምህሩን ተከትላ እስከ መምህራን ቢሮ በር ድረስ ሄደች። እሳቸው ዘወር ብለው ለሊቀመንበሩ ትናንት ደውለው እንደነገሯቸው፣ ኤክስካቫተሩም ነገ ሥራ እንደሚጀምር ነገሯት። የአክስቷንም ስም ጠርተው እንኳን ደስ ያላችሁ አሉ። ጽዱ ልትናገር አፏን ስትከፍት መላ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት።

የተነጋገሩት ከሽንት ቤቱ ጀርባ ነው። ጽዱ ወትሮ ወደዚያ አትጠጋም። ግድግዳው ረጥቧል፣ ዝንቡ አይጣል ነው፣ ከስንጥቁ ቢጫ ውሃ ይወርዳል። የዚያን ቀን ግን ቦታው ለሚያወሩት ነገር ተስማሚ መሰላት።

«ልትናገሪ ነበር አይደል?» አለች መላ።

«ጭቃውን እርሻ ላይ ሊያፈሱት ነው እኮ።»

«አታካብጂ አቦ። ሰዉ ያንን ወንዝ ለስንት ዘመን ሲያጠጣበት ኖረ፤ ማን ሞተ?» ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። አባቷ ውጤቱን ሰምቶ ለጎረቤት ሁሉ እንዳወራ፣ የእኔ ልጅ ተመራማሪ ናት እንዳለ ነገረቻት። «አባቴ ስለኔ ጥሩ ነገር ሲያወራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እሱ ደግሞ ውሸት መሆኑን ቢሰማ ምን እንደሚያደርገኝ ታውቂያለሽ። አንቺ ብትናዘዢ የምትናዘዢው ለራስሽ ብቻ አይደለም፤ ሁለታችንም ነን።»

ጽዱ የመላን አባት ታውቃቸዋለች፤ መላ የምትፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ምላሷን ዋጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጇን መታጠብ አበዛች። ምግብ ሲቀርብ ትታጠባለች፣ በልታ ትታጠባለች፣ ተኝታ ተነስታ ትታጠባለች። እናቷ ሳሙናውን አንቺ ነሽ እንዴ የምትበዪው እስክትል ድረስ። የእጇ ቆዳ ተሰነጣጠቀ እንጂ ሌላ የመጣ ለውጥ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ አክስትሽ ብቻዋን እየለፋች ነው፣ ሄደሽ አግዣት አለቻት። ጽዱ ጥናት አለብኝ አለች። ራሴን አሞኛል አለች። እናቷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ አሮጌ ጫማ አውጥታ ሰጠቻት።

ድልድዩን ሳትሻገር ነው ሽታው የተቀበላት። በወንዙ ዳር፣ ሰላጣውና ቆስጣው በተርታ ከበቀሉበት አጠገብ ጥቁር ክምር እንደ ትልቅ ቤት ቆሟል። ኤክስካቫተሩ አንገቱን ወንዙ ውስጥ ይነክራል፣ በጥርሱ የሚንጠባጠብ ጭቃ አፍሶ ያወጣል፣ ክምሩ ላይ ያራግፋል። ባራገፈ ቁጥር ያ የበሰበሰ እንቁላል እንደ አዲስ ይነሳል። ከክምሩ ሥር ሰማያዊ ሐምራዊ ዘይት የለበሰ ውሃ እየተንጠባጠበ በቦዩ ወደ አትክልቱ ይሄዳል። የፈራረሰ የባትሪ ሽፋን፣ ዝገት የበላው ሽቦ፣ የሕፃን ዳይፐር እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። አትክልተኞቹ ግን ሠርግ ቤት ያሉ ይመስል ይሳሳቃሉ። አንዱ በአካፋ ይጭናል፣ አንዱ በጋሪ ይገፋል፣ አንዱ የእኔን ድርሻ ወሰድክ እያለ ይቀልዳል።

አክስቷ ከሩቅ አይታት ሮጣ መጣች። የእናቷ ታናሽ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሥራ ስትጀምር ቀና የማትል ሴት። እጆቿ እስከ ክርን ጥቁር ናቸው። በእነዚያ እጆች የጽዱን ጉንጭ ግራና ቀኝ ይዛ አገላብጣ ሳመቻት። ጽዱ ትንፋሿን ውጣ ቀጥ ብላ ቆመች። ጭቃው ጉንጯ ላይ ቀዝቅዞ ሲወርድ ይሰማታል፤ መጥረግ ፈለገች፣ አልቻለችም።

«ይቺ ናት እኮ የመረመረችው» አለች አክስቷ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለሁሉም። «የእህቴ ልጅ ናት። እግሯ እስኪሰምጥ ገብታ ነው ያወጣችው።»

ሁሉም ቀና እያሉ መረቋት። እደጊ አሏት፣ ተመንደጊ አሏት፣ ለሰው እንጀራ የሰጠ እጅ አይታጠፍ አሏት። ሊቀመንበሩ አካፋቸውን ተደግፈው ኮፍያቸውን አነሱላት። ምርቃቱ አንድ በአንድ ገላዋ ላይ እንደ ንፍጥ የሚለጠፍ መሰላት። ገላዋን ገፍፋ ብትጥለው በወደደች።

አክስቷ የመደቡን ግማሽ ጨርሳለች። ጭቃውን ከቀድሞው አፈር ጋር በእጇ እየደባለቀች፣ ጓሉን በጣቶቿ እየፈረከሰች፣ የሚቀጥለው ሰላጣ እንዴት እንደሚፋፋ ታወራለች። ጽዱ መቆፈሪያ ይዛ አጠገቧ ቆመች። ምኑን ትቆፍር? ዛሬ ልትናገር ነው፣ አሁን አይደለም፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሲቀንስ። እንዲህ እያለች ከራሷ ጋር ስትደራደር ነው ድንቡሼን ያየቻት።

ድንቡሼ የአክስቷ ልጅ ናት። ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም፣ ስትራመድ ጉንጮቿ ይንቀጠቀጣሉ። ከክምሩ ሥር ዘርፈጥ ብላ ተቀምጣ ጭቃ እያድቦለቦለች በቆስጣ ቅጠል ላይ ትደረድራለች። ጽዱን ስታያት ሳቀች። ስትስቅ ድዷ ጥቁር ነበር። በከንፈሯ ዳርና ዳር ጥቁር ምራቅ ወርዶ አገጯ ላይ ደርቋል፤ በአራቱ የፊት ጥርሶቿ መካከል አሸዋ ተሰግስጓል። አንዱን ድቡልቡል አንስታ መጀመሪያ ራሷ ገመጠችው፣ ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«እንቺ» አለች። «ሃም።»

መምህሩ ክፍል ውስጥ ያሉት አንድ ነገር ነበር። እርሳስ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው፤ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ስለሚከቱና አእምሯቸው ገና እየተሠራ ስለሆነ። ያን ጊዜ ጽዱ ይህን ለፈተና ብላ ነበር የያዘችው።

መቆፈሪያውን ጣለች። በጉልበቷ ጭቃው ላይ ተደፍታ የልጅቷን አገጭ ያዘችና ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። ሞቃት ነው፣ ያሙለጨልጫል፣ አሸዋው ጥርስ ላይ ይንቋቋል። ከጉንጯ ሥር፣ ከምላሷ ሥር፣ ከላንቃዋ ላይ እየጠረገች አወጣች። ምራቅና ጥቁር ጭቃ በክንዷ ላይ ተዝረከረከ። ድንቡሼ ነከሰቻት፣ ከዚያ አገር ይያዝልኝ ብላ ጮኸች።

አክስቷ ደረሰች። «ምን ሆነሻል አንቺ? ልጄን ልታንቂያት ነው?»

«በላችው። ጭቃውን በላችው።»

«ታዲያ አፈር ያልበላ ልጅ የታለ? አንቺም ስትበዪ ነው ያደግሽው። ደግሞ ንጹህ ነው ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?» አለች አክስቷ፣ ልጇን እያቀፈች፣ ግማሽ ተቆጥታ ግማሽ እየሳቀች።

ጽዱ ጉልበቷ ላይ እንዳለች ቀና ብላ አየቻት። «ንጹህ አይደለም» አለች። «የመረመሩት ይሄንን አይደለም፤ እኛ ከዚህ አልወሰድንም። ከላይ ካለችው ጅረት ነው የወሰድነው። ከሰል ቀላቅለን አጠቆርነው።»

አክስቷ መጀመሪያ አልገባትም። ጽዱ ደግማ ነገረቻት፤ ስለ ቦቱ፣ ስለ ጅረቷ፣ ስለ ብልቃጦቹ፣ መምህሩ ምንም እንደማያውቁ። እየተናገረች ሳለ ሳቁ ከአክስቷ ፊት ላይ ጥቂት በጥቂት ወረደ።

«ለምን?» አለች በመጨረሻ፣ በዝግታ።

ጽዱ ብዙ ምክንያት ፈለገች። ያገኘችው አንድ ብቻ ነው። «አስጠላኝ» አለች።

አክስቷ ልጇን በአንድ ክንዷ ይዛ ሌላውን እጇን ዘረጋችና ከክርኗ እስከ ጥፍሯ አየችው፣ የሌላ ሰው እጅ የምታይ ይመስል።

«አስጠላሽ» አለች። «እኔ ይኸው ከጠዋት ጀምሮ በእጄ ሳቦካው ነው የዋልኩት።»

ብትመታት ይሻላት ነበር። አክስቷ ግን አልመታቻትም፣ አልሰደበቻትምም። ከጎጆዋ የመጠጥ ውሃ ያለበትን ጀሪካን አወጣችና መጀመሪያ የራሷን እጅ በሳሙና አጠበች፤ ከዚያ የድንቡሼን አፍ ደጋግማ አስጉመጠመጠች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አሸች፣ ቀሚሷን አውልቃ ወረወረችው። ጽዱ ውሃውን እየቀዳች ሰጠቻት። ልጅቷ በለቅሶ መሃል ትንሽ ታስነጥሳለች። አንድ ጊዜ በቀጥታ የጽዱ ፊት ላይ አስነጠሰችባት፤ ጽዱ አልጠረገችውም።

«ጤና ጣቢያ ይዣት ልሂድ» አለች አክስቷ፣ ልጇን በነጠላ እየጠቀለለች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞር አለችና በአገጯ ወደ ክምሩ ጠቆመች። «እነሱስ?»

አትክልተኞቹ ምንም አልሰሙም። የኤክስካቫተሩ ጩኸት ሁሉን ውጦታል። ጋሪው እየሞላ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል። አንዲት ሴትዮ ችግኝ የሚያድግበትን ላስቲክ በዚያ ጭቃ እየሞላች ከጎኗ ትደረድራለች።

«አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል» አለች ጽዱ። «አንቺን ያምኑሻል።»

«የዋሸሁት እኔ ነኝ እንዴ?» አለች አክስቷና ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ መንገዱን ይዛ ሄደች።

ጽዱ ብቻዋን ቀረች። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ከጀርባዋ ነው፤ ደረቅ ነው፣ ንጹህ ነው፣ ማንም አያያትም። አክስቷ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ መንገሯ አይቀርም። ወይ ለመምህሩ ትደውል፤ እሳቸው መጥተው ያስቁሙት። ይህ ሁሉ እስኪሆን ግን ጋሪዎቹ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ። የመላን አባት አሰበች። ማታ ይሰማሉ፤ ሰፈር ውስጥ ወሬ አያድርም። ነገ መላ ዞር ብላ አታያትም ይሆናል፣ ምናልባት ከነገ ወዲያም። የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ከራሴ እጀምራለሁ አለች በልቧ፤ ስለ መላ ከጠየቁኝም ከዚያ በኋላ ነው።

ሊቀመንበሩ ከክምሩ ማዶ ናቸው። ዙሪያውን የሚሄድ ደረቅ መተላለፊያ አለ፣ ግን ረጅም ነው፤ እሳቸው ደግሞ አዲስ ጋሪ መሙላት ጀምረዋል። ጽዱ ቀጥታ ገባችበት። ጭቃው ጫማዋን አልፎ ቁርጭምጭሚቷን ያዛት፣ ከዚያ ባቷን። በጣቶቿ መካከል ሙልጭልጭ አለ። አንድ ሹል ነገር ተረከዟን ነካት። ወደ ላይ አላት፤ ዋጠችው። ሁሉም ነገር ያኔ እንደነበረው ያስጠላል፣ ምንም አልቀነሰም።

ሊቀመንበሩ ሲያዩዋት ፈገግ አሉ። ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እንጂ ሥራ የሚሉ ይመስላል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፃቸው ግን አይሰማም።

«አባባ፣ አካፋውን ያስቀምጡት፤ የምነግርዎት አለ» አለች።

እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ደግማ ተናገረች። አሁንም አልሰሟትም። ፊቷን ግን አዩት፤ ፈገግታቸው ትንሽ ላላ። ወደ ኤክስካቫተሩ ዞረው እጃቸውን ሁለት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች አወዛወዙ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

ወንዙ ዳር በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ጋሪ ገፊው ቆመ። ችግኝ የምትሞላው ሴትዮ እጇን ጭቃው ውስጥ እንደከተተች ቀና አለች። ሁሉም አካፋቸውን ተደግፈው ወደ እሷ ዞሩ፤ ልጃችን ምን ልትለን ይሆን በሚል ፊት።

«እሺ ልጄ፣ በይ» አሉ ሊቀመንበሩ።

ጽዱ በዚያ በሚገማው አየር ሳንባዋን ሞላችና መናገር ጀመረች።